ወንዝ ጣናን የሚገባበትን ረግረግ በእግር ለማየት፦ ከጎንደር ለሚነሱ

«ጎርጎራ ሄጄ ከውሃና ከሳር በቀር ያየሁት ነገር የለም። ወፎቹ የት ነው ያሉት?» ይህ ጥያቄ ደጋግሞ ይመጣብኛል። ጠያቂዎቹ አብዛኞቹ ቅዳሜ አርፍደው ከጎንደር ተነስተው፣ 5 ሰዓት አካባቢ ደርሰው፣ ጀልባ ማረፊያው ላይ ፎቶ ተነስተው፣ አሳቸውን በልተው የተመለሱ ናቸው። አሳው አይከፋም። ወፍና እንስሳ ለማየት ግን ሰዓቱም ቦታውም ሌላ ነው። አንድ ጊዜ በደንብ ጽፌ ልገላገል።

ቦታው ወንዝ ከሐይቁ የሚገናኝበት ነው። ወንዙ እዚያ ሲደርስ ፍጥነቱን ስለሚያጣ ተሸክሞት የመጣውን ደለል ይጥላል። ደለሉ ላይ ሳር፣ ፊላና ደንገል ይበቅላል። በሥሩ ቀንድ አውጣ፣ ትልና የአሳ ጫጩት ይረባል። ወፉ የሚመጣው እነሱን ብሎ ነው። ስለዚህ የምትፈልጉት መስመር ደረቁ መሬት አልቆ እርጥቡ የሚጀምርበት ነው። ያን መስመር ይዛችሁ፣ ቀስ ብላችሁ፣ ደጋግማችሁ እየቆማችሁ መሄድ ነው። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የዚህ ዝርዝር ነው።

ከጎንደር በኩል የሚቀርቡን ወንዞች ድርማና መገጭ ናቸው። ሁለቱም ደምቢያን አቋርጠው ከጎርጎራ በስተምሥራቅ ጣናን ይገባሉ። የከተማችን ቀሃና አንገረብም የሚጨመሩት መገጭ ውስጥ ነው። ድልድይ ላይ ቆመን የምንወረውረው ፌስታል የት እንደሚያርፍ እዚያ ስትሄዱ ታዩታላችሁ።

መቼ ይኬዳል?

ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ይመረጣል። ዝናቡ ቆሟል። ሐይቁ መሸሽ ጀምሮ ጭቃውን ገልጦ ይተወዋል፣ ለወፍ ማዕድ ማለት ያ ነው። በዚህ ላይ ከአውሮፓና ከእስያ ብርድ የሸሹ ወፎች ገብተዋል፤ ብዙዎቹ እስከ መጋቢት ይቆያሉ።

ሐምሌና ነሐሴ አይሞከርም። ደምቢያ ሜዳ ነው፤ ወንዞቹ ሲሞሉ ማሳውም መንገዱም ውሃ ይሆናል። መስከረምና ጥቅምት ደግሞ ሐይቁ ጢም ያለበት፣ ቢምቢ የበዛበት ጊዜ ነው። ሚያዝያና ግንቦት ይቻላል፣ ግን ውሃው ርቆ ስለሚሸሽ የእግር መንገዱ ይረዝማል፣ ሙቀቱም አይቻልም። ጣና 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፤ የጎንደርን አየር እዚያ አትጠብቁ።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

- እስከ ጉልበት የሚደርስ የላስቲክ ቦቲ ጫማ። ሸራ ጫማ ዋልካ ውስጥ ገብቶ አይወጣም።
- ትርፍ ካልሲ 2 ጥንድና አንድ ትንሽ ፎጣ
- ከወገባችሁ ከፍ የሚል ጠንካራ ዱላ። ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው ይህ ነው፤ ለምን እንደሆነ ተራ ቁጥር 5 ላይ ታያላችሁ።
- አቅርቦ የሚያሳይ መነጽር። ከሌላችሁ ተዋሱ። 8 እጥፍ የሚያቀርብ ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ሲሆን የእጅ መንቀጥቀጥን አብሮ ያጎላል።
- የደረቀ ሳር ወይም አመድ መልክ ያለው እጅጌው ረጅም ልብስ፣ ባርኔጣ
- የቢምቢ መከላከያ ቅባት
- ለአንድ ሰው 2 ሊትር ውሃ
- ጾምም ፍስክም የማይለይ ስንቅ፣ ማለትም ቆሎ ወይም ዳቦ ቆሎ
- ደብተርና እርሳስ። እስክሪብቶ እርጥበት ሲነካው ጽሑፉ ይፈሳል።
- ለስልክ የሚሆን ወፍራም ፌስታል
- መታወቂያና ዝርዝር ብር

ነጭ ጋቢና ነጠላ ለዚህ ጉዞ አይሆንም። ለማደሪያው ያዙት፣ ለረግረጉ ግን ተዉት። ሜዳ ላይ ነጭ ነገር ሲንቀሳቀስ ከሩቅ ይታያል፤ ወፉ እናንተ ሳታዩት ያያችኋል።

አካሄዱ፣ ደረጃ በደረጃ

1. መንገዱን ዋዜማውን አጣሩ። ከጎንደር ጎርጎራ በአዘዞ፣ በቆላድባና በጯሂት በኩል 65 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መንገዱ ሰላም መሆኑንና መኪና መኖሩን መናኸሪያ ሄዳችሁ ከሾፌሮች ጠይቁ። ትናንት የተመላለሰ ሾፌር ከማንም የተሻለ ያውቃል። ይሄ ይቅር የሚባል ደረጃ አይደለም። «አሁን ባይኬድ ይሻላል» ካሏችሁ ቀኑን ለውጡ፤ ወፉ የትም አይሄድም።

2. ጎርጎራ እደሩ። ከጎንደር ጠዋት ተነስታችሁ ብትበሩ እንኳ ዋናው ሰዓት ያልፋችኋል። ወፎች አጥብቀው የሚመገቡት ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት ተኩል ነው። ከዚያ በኋላ ፀሐይ ሲበረታ ጥላ ይፈልጋሉ። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ሐይቁ ላይ ነፋስ ይነሳል፤ ደንገሉ ሲወዛወዝ የሚንቀሳቀሰው እንስሳ ይሁን ሳር መለየት ያቅታል። ማታ አልቤርጎ ገብታችሁ ምሽቱን አታባክኑ፤ ለቀጣዩ ደረጃ ተጠቀሙበት።

3. አገሩን የሚያውቅ ሰው ያዙ። ታንኳ ቀዛፊ፣ አሳ አስጋሪ ወይም እረኛ ይሆናል። እነሱ የዘንድሮውን ጭቃ ያውቃሉ። የወንዝ አፍ በየክረምቱ ቦታ ይቀያይራል፤ አምና ያለፋችሁበት ዘንድሮ ማጥ ሊሆን ይችላል። ስልክ ላይ ያለው ካርታም ይህን አያውቅም።

አጠያየቁ ላይ ጥንቃቄ ይኑር። መነጽርና ደብተር ይዞ ማሳ ዳር የሚዞር እንግዳ መሬት የሚለካ ሊመስል ይችላል። መጀመሪያ ሰላምታ፣ ከዚያ ከየት እንደመጣችሁ፣ ከዚያ ጥያቄው።

«እንደምን አመሹ ጋሼ። ከጎንደር ነው የመጣነው፤ ወፍ ለማየት ነው። ድርማ ባህሩን የሚገባበት ድረስ በእግር ያስኬዳል?»

«ወፍ? ወፉ ለምናችሁ ነው?»

«ለማየት ብቻ ነው ጋሼ። አናድንም።»

«እንግዲያስ የኔ ልጅ ይወስዳችኋል። በታች በኩል እንዳትሄዱ ግን፤ ይውጣችኋል።»

«በታች በኩል» ያሉትን ደብተራችሁ ላይ ጻፉት። የሚከፈለውንም እዚያው ቁርጥ አድርጋችሁ ተነጋገሩ፤ ሲመለሱ መጨቃጨቅ ለሁለቱም ወገን ደስ አይልም።

4. ከመውረዳችሁ በፊት ከፍ ካለ ቦታ ላይ ሆናችሁ 15 ደቂቃ ተመልከቱ። ጉብታ፣ የዋርካ ሥር፣ የቤተ ክርስቲያን ቅጥር አካባቢ ጥሩ ነው (ቅጥር ግቢ ለመግባት ፈቃድ ጠይቁ)። መጀመሪያ ከብቶቹ የት እንደሚግጡ ተመልከቱ፤ ላም ቆማ የምትግጥበት መሬት አብዛኛውን ጊዜ ሰውንም ይይዛል። ቀጥሎ ወፍ የተሰበሰበበትን ቦታ ፈልጉ። በመጨረሻ መመለሻችሁን ለዩ፤ አንድ ረጅም ዛፍ ምልክት አድርጉ። ደንገል ውስጥ ከገባችሁ በኋላ ዙሪያው ሁሉ አንድ ዓይነት ነው።

ፀሐይዋንም አስቡ። እኛ የምንሄደው በሐይቁ ሰሜን ዳርቻ ስለሆነ ውሃው በስተደቡብ ነው። በበጋ ፀሐይ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች። ረፋዱ ላይ ውሃው እያብለጨለጨ ዓይናችሁን ይወጋል፤ ወፉ ሁሉ ጥቁር ጥላ ብቻ ሆኖ ይታያል። ጠዋት ከምሥራቅ ጫፍ ጀምራችሁ ወደ ምዕራብ ብትሄዱ ፀሐይዋ ከጀርባችሁ ትሆናለች፤ የላባው ቀለም ይለያል።

5. ዱላው ይቅደም፣ እግር ይከተል። በየ2 እርምጃው ከፊታችሁ ያለውን መሬት ውጉ። ዱላው ከአንድ ስንዝር በታች ገብቶ ከቆመ እለፉ። ከዚያ በላይ ከገባ ወይም ሲወጣ «ጧ» ብሎ ውሃ ከተከተለው ተመለሱ። የመሬቱን ገጽ አትመኑ፤ ዋልካ ከላይ ደርቆ ከሥር ማጥ ይሆናል። ሙሉ በሙሉ በደረቀበት ቦታ ደግሞ ተሰነጣጥቆ ሳር ይሸፍነዋል፤ ቁርጭምጭሚት የሚጠመዘዘው እዚህ ነው።

እግራችሁ ከተያዘ በኃይል አትሳቡት። ስትስቡ ከሥሩ አየር ስለማይገባ ጭቃው መልሶ ይስበዋል፤ ያኛውም እግር ይከተላል። ወደ ኋላ ቁጭ በሉ፤ ክብደታችሁ ይበተን። ዱላውን አግድም አጋድማችሁ ተደገፉበት። እግራችሁን በትንሹ ወዲያና ወዲህ አነቃንቁ፤ ውሃና አየር ሲገባ ይለቃችኋል። ጫማው ቢቀርም ይቅር።

የሰው እርሻ እንዳትረግጡ። ሐይቁ ሲሸሽ የሚታረሰው ባህር ሸሽ መሬት ላይ ሽምብራና ጓያ ይዘራል፤ ቡቃያው ትንሽ ሲሆን ከሳር አይለይም። ድንበሩን ይዛችሁ ዙሩ። ሰው ሥራ ላይ ካገኛችሁ «ያበርታችሁ» ሳትሉ አትለፉ።

6. ጭቃውን አንብቡ። ማታ ያለፈው ሁሉ ዱካውን ትቶ ነው የሚሄደው። ፀሐይ ገና ዝቅ ብላ ሳለ ጎንበስ በሉ፤ የዱካው ጠርዝ ጥላ ስለሚጥል ጥርት ብሎ ይታያል። እኩለ ቀን ላይ ያው ዱካ አይታይም።

የወፍ ዱካ በጣቶቹ ይለያል። በጣቶቹ መካከል የቆዳ ምልክት ካለ ዳክዬ ወይም ዝይ ነው። ጣቶቹ ቀጫጭን፣ ረጃጅምና የተበታተኑ ከሆኑ ረግረግ ላይ የሚራመድ ወፍ ነው። ጭቃው ላይ ጥቃቅን ቀዳዳዎች በመስመር ካያችሁ ምንቃሩን እየሰካ ትል የፈለገ ወፍ አልፏል። በእግሮቹ ዱካ መካከል የጅራት ጭረት ካለ አርጃኖ ነው። አርጃኖ ረፋዱ ላይ ዳርቻ ወጥቶ ፀሐይ ይሞቃል፤ ሲዋኝ ያዩት ሰዎች «አዞ አየን» ይላሉ። ጣና ውስጥ አዞ የለም።

ሳህን የሚያክል ባለ 4 ጣት ዱካ ካያችሁ ቁሙ። ጉማሬ ነው። መንገዱም ይታወቃል፤ እግሮቹ ስለሚራራቁ በሁለት በኩል የተረገጠ፣ መካከሉ ከፍ ያለ መስመር ይሠራል። ደንገሉ ውስጥ የተበሳ ዋሻ መስሎ ይገባል። ጠርዙ ስለት ያለው፣ ውሃው ገና እየጠራ ያለ ዱካ የአሁን ነው። ያን መንገድ አትከተሉ፣ አትሻገሩት፣ ፎቶ ለማንሳትም አትቀመጡበት።

7. ቁጭ በሉ። ብዙ ሰው የሚዘለው ደረጃ ይህ ነው፤ ውጤቱ ያለው ግን እዚህ ነው። ደንገሉ ከጀርባችሁ ሆኖ ፊታችሁ ክፍት ጭቃ ያለበት ቦታ ፈልጉ። 20 ደቂቃ ሳትነጋገሩ ተቀመጡ። ስትመጡ የሸሹት ወፎች ከ10 ደቂቃ በኋላ አንድ በአንድ መመለስ ይጀምራሉ።

አንዱን ሳቢሳ፣ ያን አንገተ ረጅም ወፍ፣ ዓይናችሁን ሳትነቅሉ እዩት። መጀመሪያ አንገቱን ቀጥ አድርጎ ያያችኋል። ከዚያ አንገቱ ወደ ትከሻው ይገባል። ከዚያ አንድ እግሩን ያነሳና ቀስ ብሎ ውሃው ውስጥ ይመልሰዋል። መብላት ሲጀምር ተቀብሏችኋል ማለት ነው። ወደ ወፍ ስትጠጉም ምልክቱ ይኸው ነው፤ መብላቱን ትቶ አንገቱን ካቀና ተጠግታችኋልና እዚያው ቁሙ። አንድ እርምጃ ከጨመራችሁ ይበራል፤ እሱ ሲበር ሌላውም ሁሉ ይበራል።

አንድ ዘዴ ልንገራችሁ። ከብት ወደ ውሃ ሲወርድ እረኛውን አስፈቅዳችሁ ከመንጋው ጎን ሂዱ። ወፎች ከብት ለምደዋል። ሳቢሳ እንዲያውም ከላሞች እግር ሥር አይጠፋም፤ ሲረግጡ ከሳሩ የሚነሳውን አንበጣ ይለቅማል። ብቻችሁን ከምትሄዱት ይልቅ በእጅጉ ትጠጋላችሁ።

8. ወፉን በመጠኑ፣ በእግሩና በምንቃሩ ለዩ። ቀለም የመጨረሻው ነው፤ በብርሃን ይለዋወጣል፣ ወንዱና ሴቷም ሊለያዩ ይችላሉ። መጀመሪያ መጠኑን ከምታውቁት ጋር አስተያዩ፤ ድንቢጥ ነው የሚያክለው፣ እርግብ፣ ዶሮ ወይስ አሞራ? ቀጥሎ እግሩን እዩ። ረጅም እግር ያለው ጥልቅ ውሃ ውስጥ ገብቶ ይቆማል፤ አጭሩ እርጥብ ጭቃ ላይ ይሯሯጣል። በዚህ የተነሳ ነው አንድ ቦታ ላይ ሳይጣሉ የሚበሉት። ምንቃሩ ደግሞ ምግቡን ይነግራችኋል። ቀጥ ብሎ የሾለ አሳ ይወጋል፤ ቀጭንና ረጅም ጭቃ ይሰረስራል፤ ጠፍጣፋ ውሃ ያጣራል፤ ቆልማማ ሥጋ ይቦጭቃል።

ቶሎ ሊያጋጥሟችሁ ከሚችሉት ጥቂቶቹ፦

አየር ላይ ባለበት ክንፉን እያርገበገበ ቆሞ ድንገት በጭንቅላቱ ውሃ ውስጥ የሚወድቅ ጥቁርና ነጭ ዝንጉርጉር ትንሽ ወፍ ኪንግፊሸር ነው። የውሃ አበባ ቅጠል ላይ የሚራመድ፣ ቡኒ፣ ግንባሩ ላይ ሰማያዊ ምልክት ያለው ጃካና ይባላል። ጣቶቹን እዩ፤ ከሰውነቱ ጋር የማይመጣጠኑ ረጃጅም ናቸው። ክብደቱን ስለሚያሰራጩለት ቅጠሉ አይሰምጥም። እንቁላሉን የሚታቀፈውም ጫጩቱን የሚያሳድገውም ወንዱ ነው፤ ሴቷ ሌላ ባል ፍለጋ ሄዳለች።

ራሱና ደረቱ ነጭ የሆነ፣ ደረቅ ዛፍ ጫፍ ላይ ተቀምጦ አንገቱን ወደ ኋላ ጥሎ የሚጮህ ንስር አሳ በል ንስር ነው። ቡኒ ሆኖ ጭንቅላቱ ከኋላ መዶሻ የሚመስለው ሀመርኮፕ ነው። ወፉን ባታዩት ጎጆውን ታዩታላችሁ፤ ዛፍ ቅርንጫፍ ላይ ከ1 ሜትር በላይ የሚሰፋ፣ ጣሪያ ያለው የጭራሮ ክምር ነው። ወፉ ግን ከዶሮ አይበልጥም። ምን ያህል ጭራሮ እንዳመላለሰ አስቡት።

ባለ ትልቅ ከረጢት ምንቃር ነጫጭ ፔሊካኖች ካያችሁ ቸኩላችሁ አትለፉ። በቡድን ሆነው አሳውን ከበው ወደ ጥግ ይነዱና አንገታቸውን በአንድ ጊዜ ውሃ ውስጥ ይነክራሉ።

ክሬን የሚባለውን አንገቱና እግሩ ረጅም የሆነ ትልቅ ወፍ ሁለት ዓይነት ልታዩ ትችላላችሁ። አንደኛው 1 ሜትር ገደማ ቁመት ያለው ጥቁር ሆኖ ራሱ ላይ ወርቃማ አክሊል አለው፤ ነዋሪ ነው። ሌላው አመድማ ነው፤ በበጋ ከሰሜን ይመጣና ከታጨደ ማሳ ላይ እህል ይለቅማል። ባለ አክሊሉ በዓለም ደረጃ ቁጥሩ እየቀነሰ ነው። ጎጆውን የሚሠራው እርጥብ ሳር መካከል ነው፤ ካገኛችሁ ወዲያው ራቁ፣ ቦታውንም ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ አትለጥፉ።

9. እፅዋቱን በእጃችሁ ለዩ። ደንገልና ፊላ ከሩቅ ይመሳሰላሉ። የደንገልን ግንድ በሁለት ጣት ይዛችሁ አሽከርክሩት፤ 3 ጠርዝ አለው። ጫፉ ላይ እንደ ፀጉር የተበተነ ነው። የፊላ ቅጠል ጠፍጣፋ ነው፤ ጫፉ ላይ ቡኒ ድብልብል ነገር ይይዛል። የወደቀ የደንገል ግንድ ካገኛችሁ ሰንጥቁት። ውስጡ ነጭ፣ ቀላልና አየር የታመቀበት ነው፤ ከደንገል የሚሠራው ታንኳ ሰውና ጭነት ይዞ የሚንሳፈፈው በዚህ ነው። ታጭዶ ፀሐይ ላይ የተሰጣ ደንገል ግን የሰው ንብረት ነው፤ አትርገጡት።

እምቦጭ የሚባለውን የውሃ አረም ሳታዩ አትመለሱም። ቅጠሉ አረንጓዴና የሚያብረቀርቅ፣ አበባው ሐምራዊ ነው፣ ሲያዩት ያምራል። የቅጠሉ አንገት አብጦ ስፖንጅ ይመስላል፤ የሚያንሳፍፈው እሱ ነው። ሲመቸው በ2 ሳምንት ገደማ እጥፍ ይሆናል። ቅጠሉ ውሃውን ስለሚሸፍን ብርሃን አይገባም፣ የአሳ መራቢያውም ይታፈናል። እምቦጭ በሸፈነው ውሃና ክፍት በሆነው መካከል ቆማችሁ የወፉን ዓይነት ብታነጻጽሩ ልዩነቱን ራሳችሁ ትጽፋላችሁ።

ከዳርቻው ከፍ ብሎ ዋርካ፣ ዋንዛና ዶቅማ ታገኛላችሁ። ዶቅማው ፍሬ ሲይዝ ከሥሩ መቆም በራሱ በቂ ጉብኝት ነው። ቅርንጫፎቹ ላይ የተንጠለጠለ ደረቅ ሳርና ፌስታል ካያችሁ ቁመቱን ለኩ፤ ክረምት ውሃው እስከዚያ ደርሶ ነበር።

አሳውንም አትርሱ። ቆሮሶና አምባዛ ዳርቻውን ይወዳሉ። ነጭ አሳ የምንለው ወገን በጣና ብቻ የሚገኙ 15 ያህል ዝርያዎች አሉት፤ ከፊሎቹ በክረምት ለመራባት ወደ ወንዞቹ ሽቅብ ይወጣሉ። በዚያ ወቅት ወንዝ አፍ ላይ መረብ ሲዘረጋ መውጫቸው ይዘጋል ማለት ነው።

10. እዚያው ጻፉ። ሰዓቱን፣ ቦታውን፣ ወፉ ምን ሲያደርግ እንደነበር። ስሙን ካላወቃችሁ መጥፎም ቢሆን ሥዕል ሳሉ፤ ምንቃሩና እግሩ ከታየ ይበቃል። ማታ አልቤርጎ ውስጥ «አመድማ ነበር መሰለኝ» ማለት ለማንም አይጠቅምም።

11. ስትወጡ ጫማችሁን አጥባችሁ አድርቁ። እምቦጭ ከቁራጭ ይበቅላል፤ ዘሩም ጭቃ ውስጥ ለዓመታት ይቆያል። የጣናን ጭቃ ይዛችሁ አንገረብ ግድብ ዳር ብትሄዱ ራሳችሁ ዘርታችሁት መጣችሁ። አበባውንም ለማስታወሻ ብላችሁ ቆርጣችሁ አትውሰዱ።

ማስጠንቀቂያ

*ጉማሬ።* ውሃ ውስጥ ተኝቶ ሲታይ ሰነፍ ይመስላል። የብስ ላይ በሰዓት እስከ 30 ኪሎ ሜትር ይሮጣል፤ አታመልጡትም። ማታ ለግጦሽ ይወጣል፣ ንጋት ላይ ይመለሳል። እጅግ የሚቆጣው ከውሃው ጋር ስትለያዩት ነው። ስለዚህ 12 ሰዓት ተኩል ሳይሆን ወደ ዳርቻው አትውረዱ፤ ከመምሸቱም በፊት ውጡ። ድንገት ካያችሁት ወደ ውሃ አትሩጡ፤ ከመንገዱ ወደ ጎን ውጡና ከእሱና ከእናንተ መካከል ዛፍ አድርጉ።

*ብልሃርዚያ።* ከውሃ በቆዳ በኩል የሚገባ ትል የሚያመጣው በሽታ ነው፤ በጣና ዳርቻ አለ። ተሸካሚው ቀንድ አውጣ የሚኖረው ሳር ባለበት ረጋ ያለ ውሃ ውስጥ ነው፤ ልክ እናንተ በምትሄዱበት። ትሉ በቀን ብርሃን ወጥቶ በደቂቃዎች ውስጥ ጤነኛ ቆዳን ሰርስሮ ይገባል፤ ቁስል አያስፈልገውም። ጫማ አውልቃችሁ አትግቡ፣ እግር አትታጠቡ። ውሃ ቦቲው ውስጥ ከገባ ወዲያው አውልቃችሁ በፎጣ ፈትጋችሁ አድርቁ።

*ተንሳፋፊ እምቦጭና ደንገል።* መሬት ይመስላል፣ ከሥሩ ግን ውሃ ነው። ወፍ ስለቆመበት እናንተን አይሸከምም።

*መነጽርና ካሜራ።* ወደ ካምፕ፣ ወደ ኬላ፣ ወደ ድልድይ ጠባቂ አታዙሩ። ሴቶች ውሃ የሚቀዱበትና ሰው የሚታጠብበት ቦታ ሲደርሱም አንገት ላይ ያለው መነጽር ቦርሳ ውስጥ ይግባ።

ተደጋግመው የማያቸው ስህተቶች

ብዛት ያለው ሰው ይዞ መሄድ። ከ4 ሰው በላይ ከሆናችሁ ተከፋፈሉ፤ ጫጫታ ባይኖር እንኳ እንቅስቃሴያችሁ ወፉን ለማስበርገግ ይበቃል።

ከስልክ ድምፅ ማጉያ የወፍ ድምፅ መክፈት። ወፉ ባላጋራ የመጣ መስሎት መብላቱንና ጎጆውን ትቶ ይዞራል። ለአንድ ቪዲዮ ብሎ ማስደንገጥ ምን ይሉታል?

ታንኳ ተከራይቶ ደንገሉ ውስጥ ቀጥ ብሎ መግባት። ጎጆ ይበተናል። በታንኳ ከሄዳችሁም ከውጭ ጠርዙን ይዘው እንዲቀዝፉ ንገሯቸው።

መነጽሩን መጀመሪያ እዚያ መክፈት። ማስተካከሉ ጊዜ ይፈልጋል። ከሳምንት በፊት ፋሲል መዋኛ ግቢ ገብታችሁ ዛፎቹ ላይ ተለማመዱ፤ በባዶ ዓይን ያያችሁትን ወፍ ዓይናችሁን ሳትነቅሉ መነጽሩን ወደ ፊታችሁ ማምጣት እስክትችሉ ድረስ።

አንዷን ብርቅ ወፍ ብቻ ፍለጋ መሮጥ። ሁሉን አስበርግጎ እሷንም ሳያዩ መመለስ ነው ትርፉ።

ጉዟችሁ ወደ ውቅያኖስ ዳር ከሆነ

ሞምባሳ ወይም ሌላ የባህር ጠረፍ ሄዳችሁ ወንዝ ባህር የሚገባበትን ለማየት የምትፈልጉም ትጠይቁኛላችሁ። ዱላው፣ መቀመጡ፣ ዱካው ሁሉ ያው ነው። አንድ ትልቅ ልዩነት ግን አለ። ጣና ከፍና ዝቅ የሚለው በወቅት ነው፤ የውቅያኖስ ዳር ግን በአብዛኛው ቦታ በቀን 2 ጊዜ ይሞላል፣ 2 ጊዜ ይጎድላል። ከሙላት እስከ ጉድለት 6 ሰዓት ከትንሽ ነው። ሰዓቱ በየቀኑ ወደ 50 ደቂቃ ገደማ ስለሚገፋ የትናንቱ ለዛሬ አይሆንም፤ ማደሪያችሁ ጠይቁ።

ውሃው መጉደል ሲጀምር ግቡ፣ ጉድለቱ ከማብቃቱ በፊት መመለስ ጀምሩ። ውሃው ሲመለስ ከፊት ለፊት ብቻ አይመጣም፤ ከኋላችሁ ባሉት ቦዮች ገብቶ ይከባችኋል። ወፉን በቅርብ ማየት የሚቻለው ውሃው እየሞላ ጭቃው ሲጠብ ነው፣ ያኔ ግን እናንተ ጭቃው ላይ ሳይሆን ዳር ላይ ቁሙ። በደንገል ፈንታ ማንግሮቭ ታያላችሁ፤ ከጭቃው ቀጥ ብለው የወጡት ቀጫጭን ነገሮች የሚተነፍስባቸው ሥሮች ናቸውና አትርገጧቸው።

ከተመለሳችሁ በኋላ

ከሳምንት ጀምሮ ባሉት ወራት ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት ወይም ራስ ምታት ከመጣ «ጉንፋን ነው» ብላችሁ አትቀመጡ፤ የወባ ምርመራ አድርጉ። ውሃ ነክቷችሁ ከሆነ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ባለው ጊዜ ለብልሃርዚያ የሰገራ ምርመራ ይደረግ፤ ከዚያ በፊት እንቁላሉ ላይታይ ይችላል። መድኃኒቱ ፕራዚኳንቴል ነው፤ በሐኪም ትእዛዝ ይወሰዳል። ካርድ ስታወጡ ጣና ዳር እንደነበራችሁና መቼ እንደሄዳችሁ ሳትጠየቁ ተናገሩ። ቀኑ ደብተራችሁ ላይ አለ።